ተቃውሞ የለም

ሜከን፣ ጆርጂያ። ቅዳሜ ነው፤ ሰማዩ ገና ሳይነጋ፣
ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጓዳ፣ ሌት ተቀን ከማይዘጋ፣
ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል በማጠፊያው ጠረጴዛ፤
አንድ ዓይናቸው እንቅልፍ ላይ ነው፣ አንዱ ፊደል ላይ ፈዛዛ።
ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ማድረቂያው ያጉረመርማል፤
የሰው ሸሚዝ፣ የሰው አንሶላ፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይሞቃል።

ቨርሊን ቱክስ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ፊታቸው ቆማለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት ቃል ጽፋለች፤
የዳኛውን፣ የምስክሩን፣ የከሳሹን ክርክር፣
ቃል ሳትጥል፣ ቃል ሳታዛባ፣ የራሷን አንድ ሳትጨምር።
አሁን ጡረታ ወጥታለች።
አሁን ተራው የእሷ ነው። መናገር።

«ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። በሉ፣ እርሳሳችሁን አንሱ።
ፈተናው አዛኝ አይደለም፤ እናንተም አትለሳለሱ።»

ዊላዲን፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ዓርባዎቹን ያጋመሰች፣
ከሌሊት ፈረቃ መጥታ፣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣
ጥያቄ አሥራ ሰባት ላይ በክንዷ ተደፍታ አንቀላፋች።
ማንም አልቀሰቀሳትም። ሰዓቱም አልቆመላትም።

ኪያንድራ ትስታለች፣ ታጠፋለች፣ ትስቃለች፤
«ይሄ እንቆቅልሽ ከሕግ ጋር ምን አገናኘው?» ትላለች።
«ሌባው ኮፍያ ነበረው፤ ባለ ኮፍያ ሁሉ ሌባ ነው ወይ?
አጎትሽን የያዙት ማታ ያሉት ይህን አይደለም ወይ?»
ኪያንድራ ሳቋን ዋጠች፤ እርሳሷን ቀረጸች፤
ጥያቄውን እንደ ሰው ፊት ትኩር ብላ አነበበች።

ከዚያ በኋላ ሙግት ነው። ፊት ለፊት ታቆማቸዋለች፤
አንዱ «ተጠየቅ!» ባይ፣ ሌላው መላሽ፤ ቨርሊን ትዳኛለች።
«እህ» ያለ፣ «ማለቴ» ያለ፣ ሃያ አምስት ሳንቲም ይቀጣል፤
ሳንቲሙ ለማድረቂያው ነው፤ የጎረቤት ልብስ ያሞቃል።

ትሬሞን ለሕግ ትምህርት ቤቱ የጻፈውን ድርሰት አመጣ።
ወንድሙ አለበት። ካቴናው። እናቱ በር ላይ ስትወድቅ።
ቨርሊን ቆማ አነበበች፤ መነጽሯን አወለቀች።
«ማንን ልታስለቅስ ነው?»
«እንዲህ ያለ ነው የሚወዱት፣ አሉኝ...»
«ወንድምህ ድፍን ብር ነው? ለመግቢያ የምትመነዝረው?»
ማድረቂያው ሳንቲሙ አልቆ ጸጥ አለ።
እሱም ጸጥ አለ።

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት፣ ጠርዙ የወየበ፣ አወጣች።
«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ፣ ያን ሰኞ» አለች።
ዐቃቤ ሕጉ አንድ ነገር ይላል፤ «ተቃውሞ የለም» ጠበቃው።
ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ይጨምራል፤ «ተቃውሞ የለም» ጠበቃው።
አሥራ አንድ ጊዜ። ቁጠረው።
በአሥራ ሁለተኛው ግን እሱን ማለትም ደከመው፤
ራሱን ነቀነቀ ብቻ።
«ራስ መነቅነቅ አይጻፍም፤ መስመሩን ባዶ ተውኩት።
ያ ባዶ መስመር፣ ትሬሞን፣ ርዝመቱ አሥራ አራት ዓመት ነው።
ጣቶቼ ያውቁ ነበር። ጣት ግን አይሟገትም።»

በእኛ አፍ የሚባል አለ፦
በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።
ቨርሊን ይህን ተረት አልሰማችም፤ ታውቀዋለች ግን፤
የሌላ ሰው ጭብጦ ሲወሰድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጽፋዋለች።

ትሬሞን ድርሰቱን ገለበጠ። ጀርባው ነጭ ነው።
አንድ ሽማግሌ በሩን ገፋ አድርገው፣
«ሰማያዊ ፎጣዬን ያየ አለ?» አሉ።
ዊላዲን ከእንቅልፏ ባነነች፣ «ቀጣዩ ፌርማታ!» ብላ፤
ሁሉም ሳቀ፣ ሽማግሌውም።

«ተነሥ» አለችው ቨርሊን፣ ሳቁ ሳያልቅ። «ዐቃቤ ሕጉ እኔ ነኝ።
ያን ሰኞ ያለውን ልደግመው ነው።»
ደገመችው። ቃል ሳትጥል።
ትሬሞን ቆመ፤ ጉልበቱ ጠረጴዛውን መታ፤ ምራቁን ዋጠ፤
«እህ... እቃወማለሁ።»
«ሃያ አምስት ሳንቲም» አለች፣ እጇን ዘርግታ።
«ደግሞም አልሰማሁህም።
ያልሰማሁትን አልጽፍም።
ድገመው።»